የግራፍ አንቀጽ ለምን ማርክ ያጣል? ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

አራት ኪሎ አካባቢ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ተማሪ የሚያስጠና ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይታዘባል፦ ግራፍ ማየት የሚችል ልጅ ሞልቷል፣ ስላየው ግራፍ አንቀጽ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። «ረጅሙ ባር የቱ ነው?» ሲባል ጣቱ ወዲያው እዚያ ያርፋል። «እስቲ በአንድ አንቀጽ ተንትነው» ሲባል ግን ወይ እስክሪብቶውን ያኝካል፣ ወይ ያየውን ቁጥር ሁሉ ይዘረግፈዋል። ብዙ ወላጅ «የቋንቋ ችግር ነው» ብሎ ያስባል። እኔ እንደማየው ግን ልጁ መጻፍ የሚጀምረው ግራፉ ምን እንደሚል ሳይወስን ነው፤ ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ከዚህ ይመዘዛሉ።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ላይን ግራፍ እንያዝ፦ የአዲስ አበባ የሕዝብ ቁጥር በሦስቱ ቆጠራዎች። በግንቦት 1976 ዓ.ም. 1.4 ሚሊዮን፣ በጥቅምት 1987 2.1 ሚሊዮን፣ በግንቦት 1999 2.7 ሚሊዮን ገደማ። ነጥቡ ሦስት ብቻ ነው፣ ለስህተት ግን ይበቃል።

ምልክት፦ አንቀጹ ግራፉን ጮክ ብሎ ያነባል

«በ1976 የአዲስ አበባ ሕዝብ 1.4 ሚሊዮን ነበር። በ1987 2.1 ሚሊዮን ሆነ። በ1999 ደግሞ 2.7 ሚሊዮን ሆነ። ስለዚህ የሕዝቡ ቁጥር ጨምሯል።» አንድም የተሳሳተ ቁጥር የለበትም። ከአስር ግን ከአራት በላይ አያገኝም፤ አራሚው ግራፉ ፊቱ ተዘርግቶለታል፣ እንዲነበብለት አልጠየቀም።

ምክንያቱ ፍርሃት ነው። ተማሪው አንድ ቁጥር ከዘለለ ማርክ የሚቀነስበት ይመስለዋል፣ ስለዚህ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ ይለቅማል። ባር ግራፉ አስራ ሁለት ወር ካለው አስራ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ሰዓቱም እዚያው ያልቅበታል።

መፍትሄው ቁጥሮቹን በእጅ ሸፍኖ ቅርጹን ብቻ ማየት ነው። ከዚያ ምንም ቁጥር የሌለበት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «ከተማዋ በሁለቱም ጊዜ አድጋለች፣ የመጀመሪያው ዕድገት ግን ፈጣን ነበር።» የአንቀጹ መክፈቻ ይኼ ነው። ቁጥሮች የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው፣ ለዚህ ዓረፍተ ነገር ምስክር የሚሆኑት ብቻ ተመርጠው። ዓረፍተ ነገሩ ትንተና መሆኑን ለመፈተን ጓደኛችሁ «አይ፣ እንደዚያ አይደለም» ብሎ ሊከራከራችሁ ይችል እንደሆነ አስቡ። «ጨምሯል» ከሚል ሰው ጋር ማን ይከራከራል?

ምልክት፦ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ንጽጽሩ ግን ተሳስቷል

ጎበዝ የሚባሉት ልጆች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ከ1976 እስከ 1987 የጨመረው 0.7 ሚሊዮን፣ ከ1987 እስከ 1999 የጨመረው 0.6 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ «ዕድገቱ በሁለቱም ጊዜ ተቀራራቢ ነው» ብለው ይጽፋሉ። ላይ ላዩን ሲያዩት እውነት ይመስላል።

የተረሱት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ መነሻውና ጊዜው። 0.7 ሚሊዮን በ1.4 ሚሊዮን ላይ ሲጨመር ከተማዋ በግማሽ አደገች ማለት ነው። 0.6 ሚሊዮን በ2.1 ሚሊዮን ላይ ሲጨመር ግን 30 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ «ጨመረ» ወይም «ቀነሰ» የሚለውን ቃል ከመጻፋችሁ በፊት በህዳጉ ላይ ሦስት ጥያቄ መልሱ፦ ስንት? ከስንት ተነስቶ? በስንት ዓመት?

ሦስተኛው ጥያቄ ለእኛ አገር ተማሪ የራሱ ወጥመድ አለው። በእኛ አቆጣጠር ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ብትቀንሱ 11 እና 12 ዓመት ታገኛላችሁ። ያው ግራፍ በእንግሊዝኛ ከተዘጋጀ 1984፣ 1994 እና 2007 ይላል፤ ሲቀነስ 10 እና 13 ይሆናል። አንድ አገር፣ አንድ ቆጠራ፣ ሁለት መልስ! ወሩ ሲታይ ነገሩ ይፈታል፦ ከግንቦት 1976 እስከ ጥቅምት 1987 አስር ዓመት ከአምስት ወር፣ ከዚያ እስከ ግንቦት 1999 አስራ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ነው። ፈተና ላይ ወሩ ላይሰጣችሁ ይችላል። ያኔ በተሰጣችሁ ዓመት አስሉ፣ ነገር ግን የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳትጽፉ አትለፉ። ከሁሉ የከፋው አንዱን ዓመት በእኛ፣ ሌላውን በፈረንጅ አቆጣጠር አደባልቆ መቀነስ ነው፤ ከ1976 እስከ 2007 ብላችሁ ብትቀንሱ ሃያ ሦስቱ ዓመት ሠላሳ አንድ ይሆንባችኋል።

ሁሉም ሲሰበሰብ እንዲህ ይሆናል፦

«በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. በተደረጉት ቆጠራዎች የአዲስ አበባ ሕዝብ በየጊዜው ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ የዕድገቱ ፍጥነት ግን ቀንሷል። በመጀመሪያው ጊዜ ከ1.4 ወደ 2.1 ሚሊዮን፣ ማለትም በግማሽ ያህል አድጓል። በሁለተኛው ጊዜ ግን፣ ምንም እንኳ ጊዜው ቢረዝም፣ ጭማሪው 30 በመቶ አልሞላም። በዓመት ሲካፈልም በመጀመሪያው ጊዜ በየዓመቱ 70 ሺህ ገደማ፣ በኋለኛው 50 ሺህ ገደማ ሰው ተጨምሯል።»

አራት ዓረፍተ ነገር ነው። የ1999ኙ 2.7 ሚሊዮን አለመጠቀሱን አስተውሉ፤ ለመክፈቻው ዓረፍተ ነገር ስላላስፈለገ ቀርቷል፣ ማንም ማርክ አይቀንስበትም።

ምልክት፦ ዓይን ተታልሏል

መጀመሪያ ቁሙ መስመር ከስንት እንደሚጀምር እዩ። ከዜሮ የማይጀምር ባር ግራፍ ትንሹን ልዩነት ገደል ያደርገዋል። ቀጥሎ አግድሙን መስመር እዩ፦ ሦስቱ ነጥቦች እኩል ተራርቀው ከተሳሉ፣ አስር ዓመትና አስራ ሦስት ዓመት አንድ ስፋት ተሰጥቷቸዋል ማለት ነው፣ ስለዚህ የመስመሩን መቆም ወይም መጋደም አትመኑ፣ አስሉ። ጥግ ላይ «በሺህ» ወይም «በሚሊዮን» የሚል ጽሑፍ መኖሩንም እዩ። ይህን ብዙ ልጅ ያውቀዋል፣ ሲቸኩል ነው የሚረሳው።

በነጥቦቹ መካከል ያለው መስመርስ? እሱን ሠዓሊው ነው የዘረጋው። በ1982 ዓ.ም. ሕዝቡ ስንት እንደነበር ያ መስመር አያውቅም። ስለዚህ «ያለማቋረጥ አደገ» አትበሉ፤ የታየው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።

የጂኦግራፊው የአየር ንብረት ግራፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የአዲስ አበባ ዝናብ በባር፣ በግራ በኩል በሚሊ ሜትር፤ ሙቀቱ በመስመር፣ በቀኝ በኩል በዲግሪ ይሳላል። «በሐምሌ ዝናቡ ከሙቀቱ በልጧል» የሚል መልስ ስንቴ እንዳየሁ! ሚሊ ሜትርና ዲግሪ አይወዳደሩም፤ ባሩ ከመስመሩ በላይ የወጣው በግራና በቀኝ ያሉት መለኪያዎች በተሳሉበት መጠን ምክንያት ነው። ማወዳደር የሚቻለው አካሄዳቸውን ነው፦ ዝናቡ በሐምሌና በነሐሴ ጫፍ ሲደርስ የቀኑ ሙቀት ዝቅ ይላል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ዝናቡ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። የሙቀቱ መስመር ቁልቁል የወረደ ቢመስልም በወራት መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ ግራፉ ጁላይ ካለ ሐምሌ ብላችሁ አትለፉት፤ ጁላይ ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 24 ነው።

ምልክት፦ «ምክንያቱም» ከየት እንደመጣ አይታወቅም

አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ዕድገቱን በደንብ ከጻፈች በኋላ «ምክንያቱም ሰው ከገጠር ወደ ከተማ ስለሚፈልስ» ብላ ጨመረች።

«ይኼን የቱ ጋ አየሽው?» አልኳት።

«ቲቸር፣ ይታወቃል እኮ!»

እውነቷን ነው፣ ይታወቃል። ግራፉ ላይ ግን የለም። ሦስቱ ነጥቦች ስለ ፍልሰትም ስለ ወሊድም አንድ ቃል አይናገሩም። ምክንያት መጻፍ የተከለከለ አይደለም፣ ከግራፉ የተገኘና ከራስ ዕውቀት የመጣ ነገር ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መቀላቀል የለበትም። በፊተኛው «ግራፉ እንደሚያሳየው» በሉ፣ በኋለኛው «ለዚህ አንዱ ምክንያት ሊሆን የሚችለው» በሉ። ልጅቷ ያስተካከለችው ይህችን ብቻ ነው።

ምልክት፦ ፓይ ቻርቱ ላይ ያለው መቶኛ እንደ ሰው ተቆጥሯል

የአንድ ክፍል 40 ተማሪዎች ግማሾቹ በእግራቸው ይመጣሉ እንበል፤ የሌላ ግቢ 100 ተማሪዎች ደግሞ 30 በመቶ። «በእግሩ የሚመጣው በመጀመሪያው ይበዛል» ማለት ስህተት ነው፤ 20 እና 30 ልጆች ናቸው። «ድርሻው ይበልጣል» በሉ። ጠቅላላው ቁጥር ካልተሰጠ ስለ ድርሻ እንጂ ስለ ብዛት አትጻፉ። ድርሻው ከ20 ወደ 30 በመቶ ከወጣም «በ10 በመቶ ጨመረ» አይባልም፣ በ10 የመቶኛ ነጥብ ነው።

ምልክት፦ ግምቱ ቆጠራ ሆኗል

ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ አልተደረገም። ከዚያ በኋላ ያለው የከተማዋ ቁጥር ሁሉ ግምት ነው፣ በጥንቃቄ የተሠራ ግራፍ ላይም በነጠብጣብ መስመር ይሳላል። ነጠብጣብ ካያችሁ ግሡን ቀይሩ፦ «ደርሷል» የነበረው «እንደሚደርስ ተገምቷል» ይሁን።

ምልክት፦ አንቀጹ በምክር ያልቃል

«ስለዚህ መንግሥት ለመኖሪያ ቤት ትኩረት ሊሰጥ ይገባል።» ይህ ከድርሰት ክፍለ ጊዜ የመጣ ልማድ ነው፤ እዚያ መጨረሻው ምክር ካልሆነ ያልተጠናቀቀ ይመስላል። እዚህ ግን ሰርዙት። መዝጊያ የግድ ያስፈልጋል ካላችሁ፣ ግራፉ የማይመልሰውን ጥያቄ ጻፉ፦ «ግራፉ ፍጥነቱ የቀነሰው በወሊድ ይሁን በፍልሰት አይገልጽም።» ጥያቄው ራሱ «ምን መደረግ አለበት?» ካለ ደግሞ ምክሩን በሌላ አንቀጽ ጀምሩት።