ኢቶ የሚባሉ ሰዎችንና ቦታዎችን ለይቶ የሚያሳይ ዝርዝር እንዴት ይዘጋጃል?

በአማርኛ «ኢቶ» ተብሎ የሚጻፈው የጃፓን ስም የጠቅላይ ሚኒስትር፣ የሒሳብ ሊቅ፣ የአርክቴክት፣ እንዲሁም የፍል ውኃ ከተማ መጠሪያ ነው። እነዚህን የሚለይ ዝርዝር ለማዘጋጀት በቅድሚያ ስሞቹን ከታማኝ መዝገበ ዕውቀት ይሰብስቡ።

ቀጣዩ ሥራ እያንዳንዱ ስም በጃፓን ፊደል፣ በካንጂ፣ እንዴት እንደሚጻፍ ማረጋገጥ ሲሆን ፈጽሞ ሊዘለል አይገባም። በጠቅላይ ሚኒስትሩ በኢቶ ሂሮቡሚ ስም ውስጥ ሁለተኛው ፊደል ዊስቴሪያ የተባለውን ባለ አበባ ሐረግ የሚወክል ሲሆን፣ በአርክቴክቱ በኢቶ ቶዮ ስም ውስጥ ግን ምሥራቅን የሚወክለው ፊደል ይገኛል። ድምፃቸው አንድ ቢሆንም ሁለት የተለያዩ የቤተሰብ ስሞች ናቸው። በሺዙኦካ፣ በኢዙ ልሳነ ምድር ላይ ያለችው የፍል ውኃ ከተማ ኢቶ የምትጻፈው እንደ አርክቴክቱ ስም ነው። የኮያ ተራራ ገዳማት የሚገኙበት በዋካያማ ያለው የኢቶ ወረዳ ደግሞ በሦስተኛ አጻጻፍ የሚጻፍ ከመሆኑም በላይ የመጨረሻ አናባቢው አጭር ነው፤ የሌሎቹ ረጅም ነው። የእኛ ፊደል ይህን ርዝመት ስለማያሳይ ከየስሙ ጎን ማብራሪያ ማስፈር ግድ ይላል። በላቲን ፊደል በተጻፈ ስም ብቻ መመራትን አልመክርም፤ የርዝመት ምልክቱ ብዙ ጊዜ ተትቶ ይገኛልና።

ጃፓናውያን የቤተሰብ ስምን ያስቀድማሉ። እኛ ሰውን በራሱ ስም የምንጠራ በመሆናችን «ሂሮቡሚ»ን የአባት ስም አድርጎ መውሰድ ይቀናናል፤ ስለዚህ የግል ስሙ የትኛው እንደሆነ በግልጽ ያመልክቱ።

ከዚያ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ይበቃል፤ ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም ይግለጹ። ሂሮቡሚ (1841–1909) በ1885 የመጀመሪያው የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፤ ኪዮሺ (1915–2008) ለዘፈቀደ ሂደቶች የሚያገለግለውን ካልኩለስ የመሠረተ የሒሳብ ሊቅ ነው፤ ሚዶሪ በ1992ቱ የአልበርትቪል ኦሊምፒክ በበረዶ ላይ ስኬቲንግ የብር ሜዳሊያ አገኘች፤ ቶዮ በ2013 ለአርክቴክቶች የሚሰጠውን የፕሪትዝከር ሽልማት ተሸለመ።

በመጨረሻም፣ ማስረጃ ካልተገኘ በስተቀር ስም ተጋሪዎቹን ዘመዳሞች አድርገው አይጻፉ። ተራው ሕዝብ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ የተገደደው በ1875 ሲሆን፣ ሂሮቡሚ ራሱም ሲወለድ የቤተሰቡ ስም ሃያሺ ነበር፤ ኢቶ የተባለው ቤተሰቡ በጉዲፈቻ ወደ ኢቶ ቤት ከገባ በኋላ ነው።