ማይክ ስይዝ የሚንቀጠቀጠው ድምፄ እንዴት ተስተካከለ

አምና በታናሽ እህቴ ሠርግ ላይ ቤተሰቡን ወክዬ እንድናገር ተጠየቅሁ። ማይኩን ስይዝ እጄ ተንቀጠቀጠ። የያዝኩት ወረቀት ማይኩን እየነካ ሲንኮሻኮሽ በአዳራሹ ሁሉ ተሰማ። አፌ ደረቀ። ሁለት ዓረፍተ ነገር አንብቤ ተቀመጥኩ። እናቴ ምንም አላለችኝም፤ እጄን ብቻ ያዝ አደረገችኝ።

ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ማቅረብ ሲመጣ ለሌላ ሰው አሳልፌ እሰጥ ነበር። ዘንድሮ ግን በቃኝ አልኩ።

መጀመሪያ የተውኩት ሁሉንም ጽፎ ማንበብን ነው። አሁን በቃሌ የምይዘው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ነው። ፍርሃቱ የሚበረታው መነሻው ላይ ነው፤ እነሱ ከወጡልኝ ሌላው ይከተላል። የቀረውን አምስት ቃል አድርጌ ጠንከር ባለ ካርድ ላይ እጽፋለሁ። ካርድ አይንኮሻኮሽም።

ከመነሳቴ በፊት እስከ 4 ቆጥሬ አየር እስባለሁ፣ እስከ 6 ቆጥሬ በቀስታ አስወጣለሁ። የሚወጣው ትንፋሽ ሲረዝም የልብ ምት ረገብ ይላል።

ከሁሉም የጠቀመኝ ግን እድራችን ነው። በየወሩ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ አንድ ነገር መናገር ጀመርኩ። የመጀመሪያ ቀን ያልኩት «የድንኳኑ ገመድ ይቀየር» ብቻ ነበር። አባቶችና እናቶች በትዕግሥት ያዳምጡሃል። እንዲህ ያለ መለማመጃ ደጃችን ላይ እያለ ለምን እንደምንሸሸው አይገባኝም።

ባለፈው ማክሰኞ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት 30 ሰው ፊት አቀረብኩ። ልቤ መምታቱን አልተወም፤ ድምፄ ግን ቀጥ ብሎ ወጣ። አሁን የአጎቴ ልጅ ሠርግ ደርሷል፤ ካርዴን እያዘጋጀሁ ነው።