የተፎካካሪን ልጅ ወደ መድረክ መጎተት፦ በምርጫ ዘመቻ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ኦክቶበር 13 ቀን 2004 እ.ኤ.አ.፣ ቴምፒ አሪዞና። ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩት ሁለቱ፣ በሥልጣን ላይ የነበሩት ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ቡሽና ዲሞክራቱ ጆን ኬሪ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ፊት ለፊት ተፋጠዋል። አወያዩ ቦብ ሺፈር፣ በተመሳሳይ ፆታ መሳብ ምርጫ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ ወይ ሲል ጠየቀ። ቡሽ አላውቅም አሉ። የኬሪ ተራ ደረሰ። ሁላችንም የእግዚአብሔር ልጆች ነን ብለው ጀመሩ። ቀጥለውም፣ ሌዝቢያን የሆነችውን የዲክ ቼኒን ልጅ ብታነጋግሯት ሆኜ የተወለድኩትን ነው የሆንኩት ትላችሁ ነበር አሉ።

የምክትል ፕሬዚዳንቱ የቼኒ ልጅ ስለሆነችው ስለ ሜሪ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ቼኒም በቦታው አልነበሩም። ቀጣዮቹን ቀናት የአሜሪካ መገናኛ ብዙኃን በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሲነታረኩ ከረሙ። ያኔ የተሠሩት ስህተቶች ዛሬም አልቀሩም። አንድ በአንድ እንያቸው፤ በተለይ በውጭ አገር ምርጫ ዘመቻ ላይ በበጎ ፈቃድ የምትሠሩ ወገኖች ልብ በሉልኝ።

ስህተት 1፦ «ሁሉም ያውቃል» ብሎ ማለፍ

የኬሪ ደጋፊዎች ቶሎ ያነሱት መከራከሪያ ይህ ነበር። እውነት ነው፣ ሜሪ ቼኒ ማንነቷን አልደበቀችም። በአባቷ ዘመቻም በኃላፊነት ትሠራ ነበር። አባትየው ራሳቸው በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ፣ ዳቨንፖርት አዮዋ ውስጥ ሲጠየቁ፣ እኔና ባለቤቴ እንዲህ ያለች ልጅ አለችን ብለው በአደባባይ ተናግረዋል።

ግን አባት ስለ ልጁ ሲናገርና ባላንጣው ሲናገር አንድ አይደለም። ቼኒ ተጠይቀው የራሳቸውን ቤት ከፈቱ። ኬሪ የከፈቱት የሰው ቤት ነው፤ ያውም ድምፅ ሊለምኑበት። ነገሩ የታወቀ መሆኑ ለማንሳት ፈቃድ አይሆንም። እዚህ ላይ ብዙ ብልህ ሰዎች ይሳሳታሉ፤ ችግሩ ምስጢር ማውጣት ብቻ ይመስላቸዋል።

ስህተት 2፦ በሙገሳ መውጋት

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ከቴምፒው ክርክር ስምንት ቀን ቀደም ብሎ፣ ክሊቭላንድ ኦሃዮ ውስጥ፣ ምክትሎቹ ተከራክረው ነበር። አወያይዋ ግዌን አይፍል የቼኒን ቤተሰብ ልምድ ጠቀስ አድርጋ፣ ነፃነት ለሁሉም ነው የሚለውን የራሳቸውን ቃል አስታወሰቻቸው። ጥያቄዋ ግን ስለ ፖሊሲ ነበር፦ ታዲያ መንግሥትዎ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በሕገ መንግሥት ለመከልከል መነሳቱን እንዴት ያስረዳሉ?

የኬሪ ምክትል ለመሆን የሚወዳደሩት ጆን ኤድዋርድስ ተራቸው ሲደርስ ወደ ልጅቷ ዞሩ። ቼኒና ባለቤታቸው ልጃቸውን በጣም እንደሚወዱ አምናለሁ፣ ስለ እሷ በግልጽ መናገራቸውና ማቀፋቸው የሚከበር ነው አሉ። ሲሰሙት ደግ ንግግር ነው። ቼኒ መልስ እንዲሰጡ ዕድል ሲሰጣቸው ስለ ቤተሰቤ ለተናገሩት መልካም ቃል አመሰግናለሁ ብለው ዝም አሉ። አይፍል ገርሟት «በቃ?» አለች። በቃ አሉ።

ለምን መልስ አጡ? ምስጋናን እንዴት ይቃወሟታል! ዘዴውም ይኸው ነው። በዚያ ዓመት ኖቬምበር፣ ኦሃዮን ጨምሮ 11 ግዛቶች የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን የሚከለክል የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለድምፅ አቅርበው ነበር፤ በሁሉም አለፈ። በእንዲህ ያለ ወቅት ለወግ አጥባቂ መራጭ «የእነ ቼኒ ልጅ ማን እንደሆነች ታውቃለህ?» ማለት ምን እንደሚያደርግ ለማንም ግልጽ ነው። ኤድዋርድስና ኬሪ ይህን አስበው ነው ብለው የጠረጠሩ ብዙዎች ናቸው። ልባቸውን ማየት አይቻልም። ቃሉ የሚወድቅበትን ቦታ ግን አስቀድሞ ማየት ይቻል ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት ነገር ነው።

ስህተት 3፦ በሌላ ሰው አንደበት መናገር

የኬሪን ንግግር መልሳችሁ እዩት። ብታነጋግሯት እንዲህ ትላችሁ ነበር ነው ያሉት። የራሳቸውን እምነት በራሳቸው አፍ ቢናገሩት ምን ነበረበት? ሜሪ በሕይወት ያለች፣ አፍ ያላት፣ ያውም ለተቃራኒው ወገን የምትሠራ ሴት ናት። ሳትጠየቅ ምስክር ሆና ቆመች።

ስህተት 4፦ ከተሳሳቱ በኋላ ቤተሰቡን መውቀስ

እናትየው ሊን ቼኒ ርካሽ የፖለቲካ ዘዴ ነው ብለው ተቆጡ። ቼኒም የተቆጣ አባት ነኝ አሉ። የዚያን ጊዜ አጭር ይቅርታ ነገሩን ባበረደው። የኬሪ ዘመቻ ኃላፊ ሜሪ ቤዝ ካሂል ግን ልጅቷን ማንሳት ይፈቀዳል የሚል መልስ ሰጡ። የኤድዋርድስ ባለቤት ኤልዛቤት ደግሞ የእናትየው ቁጣ በልጃቸው ማፈርን ያሳያል አሉ። አንዲትን እናት በልጅሽ ታፍሪያለሽ ማለት ምን የሚሉት ነው? ኬሪ በጎ ነገር ልናገር ፈልጌ ነው ብለው መግለጫ አወጡ፤ ይቅርታ የሚል ቃል ግን አልነበረበትም።

ስህተት 5፦ ጋዜጠኛው ስም ሲያቀብል

በዚያው ዓመት፣ በሪፐብሊካኖች ጉባኤ ሰሞን፣ ኢሊኖይን ወክለው ለአሜሪካ ሴኔት የሚወዳደሩት ሪፐብሊካኑ አለን ኪዝ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን ራስ ወዳድ ፈንጠዝያ እያሉ ያወግዙ ነበር። ጠያቂው ታዲያ ሜሪ ቼኒም እንዲያ ናት ወይ አላቸው። አዎን አሉ። ስድቡ የኪዝ ነው፤ ስሟን ያቀበለው ግን ጠያቂው ነው። የራስ ወገን ሰው ሲሳደብ ደግሞ ቁጣው ይለዝባል። በኪዝ ላይ የተነሳው ጩኸት በኬሪ ላይ ከተነሳው ጋር አይወዳደርም።

ታዲያ ምን ይባል?

ሰውየውን በአቋሙ ያዙት። ቡሽ በፌብሩዋሪ 2004 የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን ለመከልከል የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት እንዲሻሻል ደግፈዋል። ቼኒ ደግሞ ጉዳዩ ለግዛቶች ቢተው ይመርጡ ነበር። ይህ ልዩነት ብቻውን የአንድ ምሽት ክርክር ይወጣዋል፤ ያመኑበትን ትተው ለምን ከፕሬዚዳንቱ ጋር ተሰለፉ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የልጅ ስም አያስፈልግም።

ባለጉዳይዋ ሜሪ ራሷ ስትናገር ነገሩ ይለያል። በ2013 እህቷ ሊዝ ቼኒ ዋዮሚንግን ወክላ ለአሜሪካ ሴኔት ስትወዳደር፣ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን እንደማትደግፍ በቴሌቪዥን ተናገረች። ሜሪና የትዳር አጋሯ ሄዘር ፖ ፌስቡክ ላይ፣ በገዛ ስማቸው መለሱላት። ሊዝ በ2021 ተሳስቼ ነበር ብላለች። የሜሪን መልስ መዘገብ ነውር የለውም። ሜሪ የጻፈችው በራሷ ገጽ፣ ለራሷ እህት ነው፤ ማንም ተፎካካሪ ስሟን አልጠራባትም።