የልዕለ ኃያላን ጥምር ፊልም ርዕስ ሲመረጥና ተመልካቹ ሲገመት ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በየራሳቸው ፊልም የታወቁ ልዕለ ኃያላን ጀግኖችን በአንድ ታሪክ የሚያገናኘው ፊልም፣ ክሮስኦቨር የሚባለው፣ ገና ሳይታይ ብዙ የሚባልለት የፊልም ዓይነት ነው። ርዕሱ ለእይታ ከመቅረቡ ዓመታት አስቀድሞ ይነገራል፤ ገቢውም ቀረጻው ሳይጠናቀቅ ይተነበያል። ርዕስ መምረጥና ተመልካች መገመት ብዙውን ጊዜ እንደ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ቢታዩም፣ በእኔ እምነት ሁለቱም የሚመልሱት «ይህ ፊልም ለማን ተሠራ?» የሚለውን አንድ ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች በአብዛኛው የሚመነጩት ይህን ጥያቄ ከመዘንጋት ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ገቢዎቹም በአሜሪካ ዶላር የተገለጹ ናቸው።

በግምት ሥራ ላይ ደጋግሞ የሚታየው ስህተት የአንዱን ጀግና ተመልካች ከሌላው ተመልካች ጋር መደመር ነው። ባትማንን የሚወድ ሰው ሱፐርማንንም የሚወድ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለቱ በአንድ ፊልም ሲገናኙ ያው ሰው የሚገዛው አንድ ቲኬት ነው። ለዚህ ከ2017 የተሻለ ማስረጃ የለም። በዚያ ዓመት ሰኔ ወር የታየው «ወንደር ዉማን» በአንዲት ጀግና ብቻ በመላው ዓለም ከ820 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ከአምስት ወር በኋላ ይህችኑ ጀግና ከባትማን፣ ከሱፐርማን፣ ከፍላሽ፣ ከአኳማንና ከሳይቦርግ ጋር ያሰለፈው «ጀስቲስ ሊግ» ግን 660 ሚሊዮን ገደማ ላይ ቆመ። ጀግኖቹ ስድስት ሲሆኑ ተመልካቹ ከአንዷ ተመልካች አነሰ። ስለዚህ ገማች መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ጀግኖቹ ስንት እንደሆኑ ሳይሆን፣ ከዚህ በፊት የቀረበላቸውን ፊልም አይተው የረኩ ሰዎች ምን ያህል እንደሆኑ ነው።

ሁለተኛውና በጣም የሚያሳስተው ስህተት የመክፈቻውን ሳምንት መጨረሻ እንደ ጠቅላላ ውጤት መቁጠር ነው። በመጋቢት 2016 የወጣውን «ባትማን ቪ ሱፐርማን፦ ዶውን ኦፍ ጀስቲስ»ን ቀረብ ብለን እንመልከተው። ፊልሙ በሰሜን አሜሪካ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት 166 ሚሊዮን ዶላር ስላስገባ፣ ብዙዎች ያለ ጥርጥር ከቢሊዮን ያልፋል ብለው ነበር። ነገር ግን ገቢውን ቀን በቀን ለሚያነብ ሰው ምልክቱ በዚያው ሳምንት ነበር፤ ዓርብ የሐሙስ ምሽቱን ቅድመ እይታ ጨምሮ 82 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ገቢ እሑድ ወደ 34 ሚሊዮን ወርዷል። እሑዱ የፋሲካ በዓል መሆኑ ከቅናሹ የተወሰነውን ያስረዳል፤ ሁሉንም ግን አያስረዳም። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ገቢው 69 በመቶ ያህል ወደቀ፤ ፊልሙም በመላው ዓለም ከ870 ሚሊዮን በጥቂት አልፎ ተጠናቀቀ። ከሲኒማ ቤት የሚወጡ ተመልካቾችን እየጠየቀ ደረጃ የሚሰጠው ሲኒማስኮር ያስመዘገበለት ደረጃ «ቢ» ነበር፤ ለዚህ ዓይነቱ ፊልም ይህ ዝቅተኛ ነው።

በአንጻሩ በ2012 የወጣው «ዘ አቬንጀርስ» በ207 ሚሊዮን ከፍቶ በሰሜን አሜሪካ ብቻ 623 ሚሊዮን አስገብቷል፤ ይህም የመክፈቻው ሦስት እጥፍ ነው። የ«ባትማን ቪ ሱፐርማን» ግን 330 ሚሊዮን ሆኖ ሁለት እጥፍ እንኳ አልሞላም። የመጀመሪያውን ሳምንት የሚያመጡት ርዕሱ፣ ትሬይለሩ (የፊልሙ አጭር የቪዲዮ ማስታወቂያ) እና ናፍቆቱ ሲሆኑ፣ የቀረውን የሚያመጣው ያየ ሰው ለጎረቤቱ የሚናገረው ነው። ሁለቱን በአንድ ቁጥር ለመተንበይ የሚሞክር ሰው ስለ መክፈቻው እውነቱን ቢመታ እንኳ ስለ ጠቅላላው ይሳሳታል።

ከዚሁ ፊልም ሳንወጣ የርዕሱን ስህተት እናንሣ። ርዕሱ በአንድ በኩል የሁለት ታላላቅ ጀግኖችን ፍልሚያ፣ በሌላ በኩል «ዶውን ኦፍ ጀስቲስ» (የፍትሕ ንጋት) በሚለው ሐረግ ገና ያልተሠራ የሌላ ፊልም፣ የ«ጀስቲስ ሊግ»፣ መባቻን ያበሥራል። ተመልካች ከፍሎ የሚገባው ዛሬ ለሚያየው ታሪክ ነው፤ ርዕሱ ወደሚቀጥለው ፊልም ሲጠቁመው የያዘው ቲኬት የመግቢያ ምዕራፍ ብቻ ይመስለዋል። በርዕስ ላይ «ክፍል አንድ» ብሎ መጻፍም ያንኑ ጉዳት ያመጣል። የ«አቬንጀርስ» ፊልሞች ሠሪ ማርቭል በ2014 «አቬንጀርስ፦ ኢንፊኒቲ ዎር»ን ክፍል አንድና ክፍል ሁለት ብሎ አስታውቆ ነበር፤ በ2016 ግን ክፍሎቹን አንሥቶ የመጀመሪያውን «ኢንፊኒቲ ዎር» ብቻ አለው፣ የሁለተኛውንም ርዕስ እስከ ታኅሣሥ 2018 ደብቆ ቆይቶ «ኤንድጌም» ሲል ገለጠው። ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሁለቱም በየራሳቸው ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብተዋል።

አንዳንድ ርዕስ ደግሞ የቀደመውን ሁሉ ያየ ሰው ብቻ የሚረዳው ነው። በ2019 የወጣው «ካፕቴን ማርቭል» 1.1 ቢሊዮን ያህል አስገብቶ ሳለ፣ ተከታዩ «ዘ ማርቭልስ» በኅዳር 2023 በ46 ሚሊዮን ከፍቶ በመላው ዓለም 206 ሚሊዮን ላይ አበቃ። ርዕሱ የታወቀችውን ጀግና ስም አንሥቶ በቦታው የቡድን ስም ተካ፤ ከሦስቱ ጀግኖች ሁለቱን ደግሞ ሕዝቡ በዋናነት የሚያውቃቸው ዲዝኒ ፕላስ በተባለው የበይነ መረብ የፊልም አገልግሎት በቀረቡ ተከታታይ ድራማዎች ነበር። ድራማዎቹን ያላየ ሰው «ማርቭልስ» የተባሉት እነማን እንደሆኑ ከርዕሱ ሊረዳ አይችልም። እርግጥ የውድቀቱን ምክንያት ሁሉ በርዕስ ላይ መጫን ራሱ ሌላ ስህተት ይሆናል፤ ፊልሙ በወጣበት ጊዜ የሆሊውድ ተዋንያን የሥራ ማቆም አድማ የተጠናቀቀው ገና በዋዜማው ስለነበር፣ ተዋንያኑ ሲያስተዋውቁት ብዙም አልተሰሙም።

የታወቀውን ስም በረጅም ርዕስ ጫፍ መደበቅም አለ። በየካቲት 2020 የወጣው «በርድስ ኦፍ ፕሬይ» ሙሉ ርዕሱ በቅንፍ ውስጥ የገባ ረጅም ሐረግ ነበረው፤ ሕዝቡ የሚያውቃት የሃርሊ ክዊን ስምም የሚገኘው በዚያ ሐረግ መጨረሻ ላይ ነበር። በአንድ የሲኒማ ቤት ማስታወቂያ ወይም በስልክ የቲኬት መግዣ ላይ የሚነበቡት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃላት ብቻ ስለሆኑ፣ ፈላጊው ጀግናዋን ሳያገኛት ያልፋል። ፊልሙ በሰሜን አሜሪካ በ33 ሚሊዮን ከተከፈተ በኋላ ሲኒማ ቤቶች በመርሐ ግብራቸው ላይ የሃርሊ ክዊንን ስም ወደ ፊት አመጡት። በ2024 የወጣው «ደድፑል ኤንድ ዎልቨሪን» በተቃራኒው ሁለት ስሞችን ብቻ ጎን ለጎን አስቀመጠ። በአሜሪካ ከ17 ዓመት በታች ያሉ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ የማይገቡበት ፊልም ጣሪያው ዝቅተኛ ነው የሚለው የቆየ ግምትም በእርሱ እንደገና ፈረሰ፤ በ211 ሚሊዮን ከፍቶ 1.3 ቢሊዮን አልፏል።

ርዕስን ለአንድ አገር መርጦ በሌላው አገር ምን እንደሚያስታውስ አለማጣራትም ያስከፍላል። በብሪታንያ «ዘ አቬንጀርስ» የሚለው ስም በ1960ዎቹ በቴሌቪዥን ይታይ የነበረ የሰላዮች ድራማ ስም ስለነበር፣ የ2012ቱ ፊልም እዚያ የቀረበው «ማርቭል አቬንጀርስ አሴምብል» ተብሎ ነው።

የበይነ መረብ ጫጫታን ተመልካች አድርጎ መቁጠርም ሊታረም ይገባል። አንድ ትሬይለር በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደታየ የሚነግረን ቁጥር ያንኑ ሰው አሥር ጊዜ ሊቆጥረው ይችላል፤ የቅድሚያ ቲኬት ሽያጭ እንኳ የሚያሳየው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሮጠውን አፍቃሪ እንጂ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን ይዞ የሚወጣውን ወላጅ አይደለም። ጥንቃቄ ያለው ገማች ከአንድ ቁጥር ይልቅ ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን ይሰጣል፤ ወሰኑንም ከእሑዱ ገቢ በኋላ ያሻሽላል።

በመጨረሻ የማነሣው ርዕስን ዘግይቶ ማረም ነው። በግንቦት 2025 የወጣው «ተንደርቦልትስ» በርዕሱ ጫፍ የኮከብ ምልክት ነበረው፤ ፊልሙ በ74 ሚሊዮን ከከፈተ በኋላ በቀጣዩ ሳምንት መጀመሪያ ምልክቱ «ኒው አቬንጀርስ» (አዲሶቹ አቬንጀርስ) የሚለውን የተደበቀ ርዕስ የሚወክል መሆኑ በማስታወቂያዎቹ ላይ ተገለጠ። የምልክቱን ትርጉም ለመገመት የደከሙት ርዕሱ ምንም ቢሆን የሚገቡት አፍቃሪዎች ነበሩ። የአቬንጀርስን ስም ቢያይ ሊሳብ የሚችለው ሰፊ ተመልካች ግን ስሙን ያየው ዋናው የማስታወቂያ ዘመቻ ካለፈ በኋላ ነው፤ ተመልካቾቹ ጥሩ ደረጃ የሰጡት ፊልምም በመላው ዓለም 382 ሚሊዮን ላይ ተዘጋ።