ፍላጎት ሲጠፋ፣ ልጅ ሲዘገይ፦ እንቅልፉን ጠይቁት

ምልክቱ፦ ፍላጎት ቀዝቅዟል። ጠዋት ብልት እንደ ድሮው አይቆምም። ቀኑን ሙሉ ድካም ነው። ልጅ ቢሞከርም አልመጣም።

ስኳርና ደም ግፊት ታይተው ደህና ናቸው እንበል። ከዚያ በኋላ ደጋግሜ የማገኘው ምክንያት አንድ ነው፦ ሰውየው አይተኛም።

ዋናው የወንድ ሆርሞን፣ ቴስቶስትሮን፣ የሚጨምረው ተኝተን ሳለ ነው፤ ጠዋት ላይ ጫፍ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 10 ጤነኛ ወጣቶች ለአንድ ሳምንት በሌሊት 5 ሰዓት ብቻ ተኙ። የቀን ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ወረደ። በአንድ ሳምንት!

አንድ የሌሊት ሾፌር አልረሳም። እንቅልፍ እንዳይጥለው ጫት ይቅማል። ጠዋት 2 ሰዓት ቤቱ ይገባል፤ ምርቃናው ግን አያስተኛውም። ገና ሸለብ ሲያደርገው ጎረቤት ያለው ብየዳ ቤት ሥራ ይጀምራል። እንዲህ ሰንብቶ፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ደም ሰጠ። «ሆርሞንህ አንሷል» ተባለና የቴስቶስትሮን መርፌ ታዘዘለት። ልጅ ለሚፈልግ ሰው!

እባካችሁ፣ ልጅ እየፈለጋችሁ ይህን መርፌ አትወጉ። አንጎል ለዘር ፍሬ የሚልከውን ትእዛዝ ያቋርጣል፤ ስፐርም ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። በየመንገዱ የሚሸጠውን «የወንድ ኃይል» ዱቄትም አትንኩ። የልብ መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ በተለይ!

ሾፌሩ መርፌውን ተወው። ጫቱን አቆመ፣ ሥራውን ወደ ቀን ቀየረ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ ስልኩን ለባለቤቱ እያስረከበ ይተኛ ጀመር። ጠዋት የሚቆመው ነገር በሳምንታት ውስጥ ተመለሰ። የዘር ፈሳሹን ግን 3 ወር ሳይሞላ ዳግም እንዳይመረመር ነገርኩት፤ አንድ ስፐርም ተሠርቶ እስኪወጣ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል። ሁለተኛው ውጤት ከመጀመሪያው በደንብ ተሻለ።

እናንተም ቢያንስ 7 ሰዓት ተኙ። የሆርሞን ደም የሚሰጠው በደንብ ከተተኛ ሌሊት በኋላ፣ ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት ነው።

አንድ ሰው 7 ሰዓት ተኝቶም ደክሞት ከተነሳ ሚስቱን ጠይቁ። «ያንኮራፋል፣ ትንፋሹም ቁርጥ ይላል» ካለች የእንቅልፍ ምርመራ ያስፈልገዋል። መጠጥና የእንቅልፍ ክኒን ያባብሱበታል።

ራስ ምታት ከእይታ መጥበብ ጋር ከመጣ የአንጎል እጢ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ጋ ይሂድ።

ልጅ ከዘገየ ደግሞ ሚስትም በዚያው ትመርመር፤ የሱን 3 ወር አትጠብቁ።