ኤግዚቢሽን ስታዘጋጁ የለፉላችሁን ጓደኞችና ቤተሰብ እንዴት ታመሰግናላችሁ

ግድግዳው ላይ የሚጻፈው የአንድ ሰው ስም ነው ግን አንድ የስዕል ኤግዚቢሽን እስኪከፈት ድረስ ስንት እጅ እንደሚገባበት የሰራ ሰው ያውቀዋል፣ ስዕል በመኪናው ጭኖ የመጣ፣ መሰላል የያዘ፣ ካፕሽን (ከስዕሉ አጠገብ የምትለጠፈውን የርዕስና የዓመት ጽሁፍ) የቆረጠ፣ ልጆች የጠበቀ፣ ብር ያበደረ። ከዛ ነገሩ ሲያልቅ ሰዓሊው ድክም ይለዋል እና "ከጎኔ የነበራችሁ ሁሉ አመሰግናለሁ" የሚል አንድ ፖስት ይለጥፋል፣ በቃ። ክፋት የለውም ግን አይበቃም። ማታውን ሙሉ መሰላል ይዞ የቆመ ሰው "ሁሉ" የሚለው ውስጥ ራሱን አያገኝም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ያደረገውን ነገር ራሱን ጠርታችሁ አመስግኑ፣ ከዚህ በታች ያለው በሙሉ እሱን እንዴት እንደምታደርጉት ነው።

መጀመሪያ ዝርዝር ያዙ፣ እሱንም ስራው ሲጀመር ጀምሩት። ስልካችሁ ላይ አንድ ኖት ክፈቱና ሰው አንድ ነገር ባደረገ ቁጥር ስሙንና ያደረገውን በአንድ መስመር ጻፉ። "ረድቶኛል" ብቻ ብላችሁ አትጻፉ ምክንያቱም ከወር በኋላ ስታነቡት ምንም አይነግራችሁም፣ "የትልቁ ስዕል ፍሬም ጥጉ ሲላቀቅ ማታ ሙጫ ይዞ መጣ" ወይም "ካፕሽኖቹ ላይ ዓመቱ መሳሳቱን እሷ ናት ያየችው" ብላችሁ ጻፉ። የመክፈቻው ሰሞን ጭንቅላት ምንም አይዝም፣ ያልተጻፈ ነገር ይጠፋል።

ዝርዝሩን ዘግይታችሁ የምትሰሩ ከሆነ ደሞ ስራውን በቅደም ተከተል በሃሳባችሁ ሂዱበት፦ ማሸግና ማጓጓዝ፣ ፍሬም፣ ስዕሎቹን ግድግዳ ላይ መስቀል፣ መብራት፣ ካፕሽንና ጽሁፍ፣ ፖስተርና ጥሪ፣ የመክፈቻው ምሽት፣ ከዛ በኋላ አዳራሹን ሲጠብቁ የዋሉ፣ መጨረሻ ላይ ማውረድ። በየደረጃው "እዚህ ጋ ማን ነበር" ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፣ የዛን ሰሞን የተላላካችሁትን ሜሴጅና የስልካችሁን ፎቶዎችም እዩ፣ ብዙ ፎቶ ላይ ከኋላ አንድ ሰው ሳጥን ተሸክሞ ይታያል።

ስዕል መስቀሉ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም የሚናቅ ስራ ነው። ስዕሎቹ ሁሉ መሃላቸው በሰው ዓይን ልክ እንዲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከወለል ከ145 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የሚሰቅለው ሰው ለእያንዳንዱ ስዕል ሂሳብ ይሰራል። 80 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላለው ስዕል 150 ላይ ግማሹን 40 ይደምራል፣ ከኋላ ያለው ሽቦ ሲወጠር ከስዕሉ የላይኛው ጠርዝ ያለውን ርቀት፣ 8 ነው እንበል፣ ይቀንሳል፣ ሚስማሩ 182 ላይ ይመታል። ይሄን ለሁሉም ስዕል፣ በውሃ ልክ እያየ፣ ሲጣመም እያወረደ እየሰቀለ። እና ይሄን ያደረገላችሁን ጓደኛ "ስለመጣህ አመሰግናለሁ" ካላችሁት ምን እንደሰራ አላያችሁም ማለት ነው። "መስመሩ ሁሉ ልክ የሆነው ባንተ ሂሳብ ነው፣ ሰው ሲገባ ከስዕሉ ሌላ ምንም ዓይኑ ውስጥ አልገባም" በሉት። ደስታው ፊቱ ላይ ይታያል።

በጣም የሚረሱት ሰዎች ሁልጊዜ አንድ አይነት ናቸው። አንደኛ ለማውረድ የሚመጡት፣ መክፈቻ ላይ ሁሉም አለ፣ የማውረጃው ቀን ግን ሙዚቃም የለ እንግዳም የለ፣ ሚስማር መንቀልና ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም መቀባት ነው ያለው። ሁለተኛ ቤት ውስጥ ያሉት፣ ኮሪደሩ በሸራ ተሞልቶ ለወራት በጎን ሲያልፉ የኖሩት፣ እናንተ ስቱዲዮ ስታድሩ ቤቱን የያዙት። ሶስተኛ እውነቱን የነገራችሁ ጓደኛ፣ "ይሄኛውን ስዕል አውጣው፣ ከሌሎቹ ጋ አይሄድም" ያለችው። ያን ጊዜ አኩርፋችሁ ይሆናል ግን ኤግዚቢሽኑን ካዳኑት ሰዎች አንዷ እሷ ልትሆን ትችላለች፣ ንገሯት። እኔ ብሆን ዝርዝሩን ከነዚህ ነው የምጀምረው።

ብር ያበደረ ወይም የሰጠ ሰው ለየት ይላል። ካልፈቀደ በስተቀር በሰው ፊት አትጥሩት፣ ለብቻው አመስግኑት፣ ብድር ከሆነ መቼ እንደምትመልሱም በዛው ንገሩት። ለነዳጅ፣ ለቴፕ፣ ለፕሪንት ከኪሱ ያወጣ ሰው ካለም ሂሳቡን ከምስጋናው በፊት ዝጉ፣ አንዳንዱ ሰው ሊጠይቅ ያፍራል ስለዚህ "ስንት አወጣህ" ብላችሁ እናንተ ቅደሙ።

ጊዜን በተመለከተ፣ ከባድ ስራ ለተሰራበት ቀን እዛው ማታውኑ አጭር ሜሴጅ ወይም ቮይስ ላኩ፣ ሁለት አረፍተ ነገር ይበቃል። መክፈቻው ላይ በቃል አመስግኑ። ዋናው ግን ስዕሎቹ ከወረዱና እንቅልፍ ከጠገባችሁ በኋላ ለእያንዳንዱ የምትጽፉት ወይም ሄዳችሁ የምትናገሩት ነው፣ እሱ ከሁለት ሳምንት ባያልፍ ጥሩ ነው።

መክፈቻው ላይ ስታወሩ ስሞቹን ከወረቀት አንብቡ፣ በቃሌ እይዛለሁ አትበሉ፣ ሰው ፊት ስትቆሙ የእናታችሁ ስም ራሱ ሊጠፋባችሁ ይችላል። ሁለት ሶስት ደቂቃ በቂ ነው። ቦታውን የሰጠውን ጋለሪና ኩሬተሩን (ስራዎቹን መርጦ ኤግዚቢሽኑን ያቀናጀውን ሰው) አስቀድሙ ከዛ ወደ ሰዎቻችሁ ግቡ፣ ዝርዝሩ ረጅም ከሆነ በስራ በስራ ጥሩ፣ የሰቀሉ፣ ያጓጓዙ፣ የጻፉና ያረሙ እያላችሁ። እና ከመጀመራችሁ በፊት በር ላይ ያለውንና ከጓዳ መጠጥ የምታቀርበውን አስጠሩ፣ ሰው ስሙ ሲጠራ አዳራሹ ውስጥ መኖር አለበት። በሰው ፊት መጠራት የሚያሳቅቃቸው ሰዎችም አሉ፣ ቀድማችሁ ጠይቋቸው።

ሲጻፍ ምን ይባላል ለምትሉ፣ ሶስት ነገር ካለው ይበቃል፣ ምን እንዳደረገ፣ በሱ ምክንያት ምን እንደተቻለ፣ እናንተ ምን እንደተሰማችሁ። ለጓደኛ ለምሳሌ፦

"ወንድሜ፣ ማታ ሁሉም ከሄደ በኋላ ትልልቆቹን ስዕሎች እንደገና አውርደህ ያስተካከልክልኝ ነገር ከልቤ አልወጣም። ዛሬ ሰው እዛ ግድግዳ ጋ ቆሞ ሲያይ አንተን እያሰብኩ ነበር። እጅህ ይባረክ።"

ለትልቅ ሰው ደሞ፦

"አክስቴ፣ እነዛን ሳምንታት ልጆቹን ባይይዙልኝ ኖሮ የመጨረሻዎቹን ስራዎች አልጨርሳቸውም ነበር፣ መግቢያው ላይ ያለው ትልቁ ስዕል የተሰራው እርስዎ ጋ በዋሉባቸው ቀናት ነው። ውለታዎን አልረሳውም፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ።"

ሰውየውን በቃል እንደምታናግሩት ጻፉ። ሁሌ አንቺ የምትሏትን እናት ካርድ ላይ እርስዎ ካላችኋት ከሌላ ሰው የመጣ ይመስላታል። ከኢንተርኔት የተገለበጠ ቆንጆ ጽሁፍም አትላኩ፣ የተንገዳገደ የራስ አረፍተ ነገር ይሻላል።

ካታሎግ ወይም የግድግዳ ጽሁፍ ካላችሁ የምስጋና አንቀጽ አስገቡበት፣ ከፖስት በላይ ይቆያል። ስሞቹን ሰዎቹ ራሳቸው እንደሚጽፉት አድርጉ፣ ከመታተሙ በፊትም ሌላ ሰው ያንብበው። ፎቶ ያነሳላችሁን ሰው ስም ደሞ ፎቶውን በለጠፋችሁ ቁጥር ጻፉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ፖስተሩን ዲዛይን ያደረገውም እንደዛው፣ ለነሱ ይሄ ቀጣይ ስራ ሊያመጣ ይችላል።

ስጦታ ግዴታ አይደለም ግን ሰዓሊ በእጁ የሰራው ነገር አለው። ትንሽ ድሮዊንግ ወይም ህትመት በጣም ያስደስታል። ህትመት የምትሰሩ ከሆነ ቁጥር ተሰጥቷቸው ከሚሸጡት ቅጂዎች ውጪ ለሰዓሊው የሚቀሩ የሰዓሊ ቅጂዎች አሉ፣ በልማድ ከጠቅላላው 10 በመቶ ገደማ፣ እነሱ ለዚህ ይመቻሉ፣ በእርሳስ ፈርሙና ከጀርባ ለማንና ለምን እንደሆነ ጻፉበት። ኤግዚቢሽኑ ላይ የተሰቀለ ስራ ልትሰጡ ካሰባችሁ ግን ከጋለሪው ጋ ያላችሁን ውል መጀመሪያ እዩ። መጠኑንም አስቡበት፣ ግድግዳ ለሌለው ሰው ሁለት ሜትር ሸራ መስጠት ሸክም ነው።

አያያዙንም አብራችሁ ንገሩ። ወረቀት ላይ የተሰራ ነገር ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ቦታ አይሰቀል፣ ሙዚየሞች እንዲህ ያለውን ስራ 50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው) ገደማ በሆነ ደብዛዛ ብርሃን ነው የሚያሳዩት። በአክሪሊክ ቀለም የተሰራ ስዕል በፊኛ ፕላስቲክ (በብል ራፕ) ሲጠቀለል የፊኛው ቅርጽ ሊታተምበት ይችላል፣ መሃል ላይ አሲድ የሌለው ለስላሳ ወረቀት አድርጉ፣ ፊኛውን ወደ ውጪ አዙሩት። የዘይት ቀለም ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ይቆያል፣ ቫርኒሽ ለመቀባት ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ይጠበቃል፣ ስለዚህ ገና ትኩስ ከሆነ ፊቱን እንዳይነኩት አስጠንቅቁ።

ስጦታ ከሌላችሁ ጊዜ ስጡ። ሰውየው የራሱ ነገር ሲኖረው፣ ቤት ሲቀይር፣ ፈተና ሲደርስበት፣ ሱቅ ሲከፍት፣ ሳይጠራችሁ ሂዱ። "የፈለግከውን ነገር ንገረኝ" የሚባለውን ብዙ ሰው አይጠቀምበትም፣ "ቅዳሜ ጠዋት መኪና ይዤ እመጣለሁ" ማለት ይሻላል።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም ሰው ሊረሳ ይችላል። ያኔ በጽሁፍ አትላኩ፣ ደውሉ። "ስምህን ሳልጠራ ቀርቻለሁ፣ ያደረግከውን ግን አውቃለሁ" ብላችሁ ያደረገውን ዘርዝሩለት፣ ስለ ድካማችሁ ረጅም ምክንያት አትደርድሩ፣ ከዛ ፖስቱንና የካታሎጉን ዲጂታል ኮፒ በዛው ቀን አስተካክሉ።