ለጀልባ አምፕ (ለስፒከሩ ጉልበት የሚሰጠው አምፕሊፋየር) ስትመርጡ

ከደሴ ወደ ሀይቅ እየወረዳችሁ ጀልባ ላይ ሙዚቃ ልታስገቡ ያሰባችሁ ልጆች፣ መጀመሪያ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን "2000 ዋት" እርሱት፣ እሱ ለማሻሻጫ ነው፣ እናንተ አርኤምኤስ (ሳያቋርጥ የሚችለው ጉልበት) የሚለውን ቁጥር ነው የምታዩት፣ ስፒከራችሁ 75 ዋት አርኤምኤስ ከሆነ አምፑም በየቻናሉ (በየስፒከር መውጫው) እዛው አካባቢ ይስጥ። ኦሙንም (ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበትን መጠን) እዩ፤ ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከር ፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ) ስታስሩ 2 ኦም ነው የሚሆነው፣ አምፑ 2 ኦም ካልቻለ ይግልና ይጠፋባችኋል።

እኔ ክላስ ዲ (ባትሪ ቆጣቢው የአምፕ አይነት) ባይ ነኝ። ጀልባ ላይ ያለችው ባትሪ ያቺው ሞተር የምታስነሳው ናት፣ 400 ዋት አርኤምኤስ በክላስ ዲ እንኳን ሙሉ ድምፅ ላይ ከ12 ቮልት 40 አምፔር ገደማ ይበላል፣ ክላስ ኤቢ የሚባለው አይነት ደሞ ይብሳል (መሀል ሀይቅ ላይ ሞተር አልነሳ ብሎ መቅዘፍ ካማራችሁ እንግዲህ)።

ፒያሳ የምታገኙት የመኪና አምፕ ይሰራል ወይ? ይሰራል፣ ግን የጀልባው አይነት ቦርዱ ላይ እርጥበት መከላከያ ስላለው ይቆያል። የመኪናውን ከገዛችሁ ከወለሉ ከፍ አድርጋችሁ ውሃ የማይረጨው ግን አየር የሚያገኝ ቦታ እሰሩት። ፊውዙ ባትሪው ፖዘቲቭ ስር ይሁን፣ አምፑ ጋ ብቻ ካደረጋችሁት መሀል ላይ ሽቦው ቢላጥ የሚያቆመው የለም፣ እሳት ነው።